ያልተሰበሩት ሳህኖች

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወታደር ጆናስ ዊክ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ።

ጠመንጃው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። አልተኮሰም። ማጅራቱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከባድ ነገር ተመትቷል።

ከእግሩ ሥር የጀልባ መቅዘፊያ ተጋድሟል። ሰፊው ጫፉ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። በሰማያዊው ላይ ደም ደርቆበታል።

የዕቃ ቤቱ በር ተገንጥሏል። ዊክ ሲጠብቀው ያደረው የብር ዕቃ፣ መቅረዙም፣ ትሪውም፣ ጽዋውም፣ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል።

ዕቃው የሸሹት ጌቶች ነበር። በሰሜንና በደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በኅዳር ወር የሰሜን የጦር መርከቦች ከባሕሩ ብቅ ብለው መድፋቸውን ሲያጓሩ፣ የፖርት ማርተን ነጮች በአንድ ከሰዓት በኋላ እግሬ አውጪኝ ብለው ወጡ። ምሳቸው ጠረጴዛ ላይ እንደቀረበ ነበር። ባሪያዎቻቸው ቀሩ፤ ምሳውንም በሉላቸው። ከዚያ የሰሜን ጦር ባዶዋን ከተማ ያዘ። ወታደሩ ከየቤቱ መዝረፍ ሲጀምር አዛዦቹ ብሩን ሰብስበው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆለፉበት። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ማለት ነው።

ሰማያዊውን መቅዘፊያ የማያውቅ አልነበረም። ከተማዋ ባለችባቸው ደሴቶች ሁሉ መቅዘፊያውን ሰማያዊ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ጀልበኛው ሬንቲ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሬንቲ በሰንሰለት ታስሮ ሻምበል ኤዝራ ሆልዌይ ፊት ቆመ።

ሻምበሉ ከጦርነቱ በፊት ጠበቃ ነበር። አሁን የከተማይቱ ወታደራዊ ዳኛ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ቀጭን፣ ደረቅ ሰው ነው። የሚጠይቀውም እንደ መልኩ ነው።

"መቅዘፊያው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ደሙስ?"

"ደሙ የኔ አይደለም።"

"ማታ የት ነበርክ?"

"ጀልባዬ ውስጥ ተኝቼ።"

"ቤት እያለህ?"

"ወታደሮችህ ጀልባ ይሰርቃሉ። ቤቱን የተዉት ስለከበዳቸው ነው።"

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ ፊቱን አልለወጠም።

"ጀልባህ ውስጥ ከተኛህ መቅዘፊያህ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ደረሰ?"

"ሁለቱን የማሳድራቸው ወደቡ አጥር ላይ አስደግፌ ነው። ስነሳ አንዱ የለም።"

"ተኝተህ ማን አየህ?"

"ዓሣ።"

"ማክሰኞ ከዊክ ጋር ተጣልተሃል። ያጠመድከውን ዓሣ ወደ ባሕር ደፋብህ። አንገትህን እሰብረዋለሁ ብለህ ዝተሃል። አሥራ አንድ ሰው ሰምቶሃል።"

"አሥራ ሁለት ነው። እኔም ሰምቻለሁ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሬንቲ ግን ይህን ምክር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው እንጂ ሲሠራበት ታይቶ አያውቅም።

"ቅዳሜ ቀትር ላይ መርከብ ይመጣል" አለ ሻምበሉ። "ወደ ጠቅላይ ጦር ሠፈሩ እልክሃለሁ። የጦር ፍርድ ቤቱ እዚያ ነው።"

እዚያ ፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ገመድም እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል።

የሬንቲ እናት ቢና በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። የወታደሮቹ ልብስ አጣቢ ናት። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳለች። ሁለቱን ጌታዋ ወደ ጆርጂያ ሸጧቸዋል፤ ይኑሩ ይሙቱ አታውቅም። የቀራት ሬንቲ ነው።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ያን ጠዋት ቢና ልጇን ጠረጠረችው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የእርሻውን ተቆጣጣሪ በጡጫ ጥሎት ጀርባው እስኪላጥ ተገርፏል። እጁ ከአፉ ይቀድማል፣ አፉም ከሐሳቡ። ዓሣውን ሲደፉበት ፊቱ ምን እንደመሰለ አይታለች። ማታም ቤት አልገባም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከዚያ ገባች።

"ሻምበል፣ ብሩስ?"

"ምን ብሩ?"

"ልጄ ሰርቆ ከሆነ ብሩን የት አደረገው? ጎጆዬን ገለባበጡት። ጀልባውንም ፈተሹት። አንድ ማንኪያ አላገኛችሁም።"

"ቀብሮት ይሆናል።"

"ያን ሁሉ ብር የሚቀብርበት ጊዜ ያለው ሰው መቅዘፊያውን አንስቶ የሚሄድበት ጊዜ ያጣል?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?"

"ቸኩሎ ብሩን ሁሉ ለቀመው። መቅዘፊያው ብቻ ነው የቀረው።"

ሻምበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

"ብሩን ከቅዳሜ በፊት ባገኝልዎስ?" አለች።

"ብታገኚው ማን እንደደበቀው ይናገር ይሆናል። አትናደጂብኝ እንጂ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ። እኔ ሰባ ወታደር አለኝ።"

"እነሱ አገሩን አያውቁትም" አለችና ወጣች።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከወታደሮቹ ወጥ ቤት ነው። ረቡዕ ሲመሽ አባባ ሊመስ ከቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር ተሹለክልከው ሲወጡ ታይተዋል አሉ። ሊመስ ጌቶቹ ሳይሸሹ ሌላውን ባሪያ የሚያሠሩ አለቃ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሰው አይወዳቸውም። ጌታቸው ተመልሶ እስኪመጣ ንብረቱን ይጠብቁለታል እየተባለም ይታማሉ።

ቢና እቤታቸው ስትደርስ ስኳር ድንች እየላጡ ነበር። ቢላውን አላስቀመጡም።

"ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠሩ ነበር?"

"ማን አለሽ?"

"እኔ ልጄ ሊሰቀልብኝ ነው አባባ። ማን አለሽ አይበሉኝ።"

ሽማግሌው ድንቹን ለረጅም ጊዜ አገላበጡት።

"ልቀመጥ ሄጄ ነው" አሉ።

"ምን ላይ?"

"ጌታዬ የሚቀመጡበት የፊተኛው ወንበር ላይ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እላይ ሰገነቱ ላይ ቆሜ፣ የራሳቸውን መላጣ እያየሁ ጸልያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልቀመጥበት አልኩ። በጎን በር ገብቼ ተቀመጥኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።"

ቢና ሳቋ መጣ። በዚያ ቀን ሳቅ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ይቆረቁራል" አሉ ሊመስ ቅር ብሏቸው። "ያን ሁሉ ዘመን ትራስ ያለው ይመስለኝ ነበር።"

"ሲወጡ ማን ነበር?"

"ዘበኛው ልጅ። ከአንድ ሰው ጋር እየሳቀ ያወራል።"

"ከማን ጋር?"

"አላየሁም።"

"ምን ይባባላሉ?"

ሊመስ ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። "ከዚህ በላይ አላውቅም። ነጭና ነጭ ሲያወራ እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ቢና ግን የምትፈልገውን አግኝታለች። ዊክ ይስቅ ነበር። ማክሰኞ ሊገድለው ከዛተበት ሰው ጋር፣ ረቡዕ ማታ የሚስቅ ዘበኛ የለም። ጠመንጃውንም አስደግፎ ነው የሞተው። የመጣው የሚያውቀው ሰው ነው። ጥርጣሬዋ ከላይዋ ላይ መውረድ ሲጀምር እግሮቿ ቀለሏት።

የሚያውቀው፣ ብርም የሚወድ ማን ነው? መላው ከተማ አንድ ስም ነበር የሚጠራው። የጥጥ ወኪሉ ሚስተር ሲላስ ክራም።

ክራም መንግሥት የጌቶቹን ጥጥ እንዲሰበስብ የላከው ሰው ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከተማይቱ ውስጥ ካሉት ቤቶች ትልቁን መርጦ የገባ፣ ጥርሱን ሳይቀር በሰው የሚያስቦርሽ የሚመስል ሰው ነው። ወደቡ ላይ ዘጠኝ ትላልቅ ሣጥኖች አስቸንክሮ ቅዳሜ የሚመጣውን መርከብ ይጠብቃል። ላያቸው ላይ ጥጥ ተብሎ ተጽፏል። ቢና ማንበብ አትችልም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ተሸክማለች። አርብ ጠዋት ሠራተኞቹ አንዱን ሣጥን ሲያነሱ ከውስጡ ደወል ሲመታ ሰማች።

ሻምበሉ ዘንድ ሮጠች።

"ጥጥ ይደውላል እንዴ ሻምበል?"

ሣጥኖቹ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ተከፈቱ። ስድስት የግድግዳ ሰዓት፣ የሐር መጋረጃ፣ የፒያኖ እግሮች ያለ ፒያኖው፣ በመጨረሻም በገለባ የተሞላ ጉጉት ወጣ። ክራም ጉጉቱን ለሚስቱ ነው አለ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰዓቶቹ ተራ በተራ አራት ሰዓት መቱ፤ አንዱም ከአንዱ አልተስማማም።

ብር ግን የለም። ረቡዕ ማታም ክራም ከሻምበሉ ጋር እራት ሲበላ አምሽቶ እዚያው አድሯል።

"የጉጉት ሌባ አገኘሽልኝ" አለ ሻምበሉ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ። አልተቆጣም። ይህ ይበልጥ አስከፋት። "መርከቡ ነገ ነው እማማ። እኔ ከዚህ በላይ ልጠብቅ አልችልም።"

ከሰዓት በኋላ ጆናስ ዊክን ቀበሩት። የቀብር ጓዱን የሚመራው አስር አለቃ ሉተር ፔክ ነበር። ባለፉት ሁለት ወራት በኩፍኝና በተቅማጥ ያለቁትን ልጆች ሁሉ የቀበረው እሱ ነው። አካፋውን ከትከሻው፣ ጭቃውን ከጫማው ላይ ለይቶት የማያውቅ ዝምተኛ ሰው ነው። ጸሎቱን ሲያነብ ድምፁ ተቆራረጠ። ቢና ራቅ ብላ ቆማ አለቀሰች። ለዊክ ይሁን ለሬንቲ እሷም አልለየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናቷ መቃብር ሄደች።

የጥቁሮቹ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ትላልቅ ዛፎች ሥር ነው። እሷና ወገኖቿ ሰው ሲሞት የመጨረሻ የያዘውን ዕቃ መቃብሩ ላይ ያኖሩለታል። የጠጣበትን ጽዋ፣ የበላበትን ሳህን፣ ያበራበትን ፋኖስ። ዛጎልም ይደረድሩበታል። ጌቶቹ ይህን እያዩ ይስቁ ነበር።

እናቷ መቃብር አጠገብ ተንበረከከች።

"ዛሬ ሊወስዱብኝ ነው" አለቻት። "ሁለቱን ሸጡብኝ። ሦስተኛውን አንቺ ያዥልኝ። እኔ አቃተኝ።"

አልቅሳ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። በዚያው ፊቷን አዞረች። ከአጥሩ ጥግ አዲስ መቃብር አለ።

አዲስ መቃብር ማየቷ አልገረማትም። ከየብስ በኩል የሚያመልጡ ሰዎች በየቀኑ በጀልባ ይገባሉ፤ ብርዱ ከገደላቸው ማንም የማያውቃቸው ይቀበራሉ። መቃብሩ ላይ ሳህን ተደርድሯል። ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ አራት ነጭ ሳህኖች። አንድ ማንቆርቆሪያ። አንድ የፋኖስ ብርጭቆ።

ቢና ትኩር ብላ አየች። ተነሳች። ቀረበች። አንዱን ሳህን አንስታ ገለበጠችው።

ሙሉ ነው። ማንቆርቆሪያውም ሙሉ ነው። ብርጭቆው ላይ ስንጥቅ እንኳ የለም።

ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። ሃምሳ ዓመቷ ነው። በፖርት ማርተን ዋና መንገድ እንዲህ ሲሮጡ የታዩት በመድፉ ቀን ጌቶቹ ብቻ ነበሩ።

ሻምበል ሆልዌይ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ አገጩን እያሸ አዳመጣት። ጸሐፊው፣ አባባ ሊመስና ሌሎች ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተከትለው መጥተዋል።

"ሙሉ ሳህን ቢሆን ምንድነው?"

"እኛ የሞተ ሰው ላይ ያልተሰበረ ዕቃ አናኖርም ሻምበል። እንሰብረዋለን፣ ወይም ታቹን እንበሳዋለን። ሞት የያዘው ሰንሰለት እንዲበጠስ ነው። ሙሉ ዕቃ ካኖርክበት ሟቹ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠራል።"

"ከሌላ ደሴት የመጡ ይሆናሉ። ልማዳቸው ሌላ ይሆናል።"

"የትኛውም ደሴት ቢሆን። በንግግር የማንግባባ እንኳ በዚህ እንግባባለን። ይዩት፣ መቃብሩ ሁሉ ይኸው።"

ሻምበሉ መቃብሮቹ መካከል ሄደ። አጎንብሶ ጽዋ አነሳ። ታቹ ተበስቷል። ሳህን አነሳ፤ ግማሽ ነው። ማሰሮ አነሳ፤ አንገቱ የለም። አርባ መቃብር ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

"ይህን ያደረገው ልማዱን ከሩቅ ያየ፣ ያልኖረበት ሰው ነው" አለ።

"እንቆፍረው" አለች ቢና።

"መቃብር ነው!" አሉ አባባ ሊመስ። ሰዉም አጉረመረመ። "ቢና፣ አብደሻል? ከሥሩ ሰው ቢወጣ ዕድሜሽን ሙሉ ማን ሰላም ይልሻል?"

ቢና ይህን ታውቃለች። እውነታቸውን ነው። ሬሳ ከወጣ ልጇንም ወገኗንም በአንድ ቀን ማጣቷ ነው። ከሳህኖቹ አንዱን አንስታ ሊመስ እጅ ላይ አኖረችው።

ሽማግሌው ሳህኑን አገላበጡት። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞሩት። ከዚያ ለጎረምሶቹ አጥሩ ጥግ የተደገፈውን አካፋ በአገጫቸው አሳዩ።

"ቆፍሩ።"

"እኔ ነኝ የምጀምረው" አለች ቢና። "ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን።"

አፈሩ ልል ነው። አንድ። ሁለት። አምስት። ጉልበቷ ድረስ ስትገባ አካፋው አንድ ነገር ነካ። ለስላሳ ነው። ጨርቅ ነው።

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት ጮኸች።

ቢና በእጇ ዳሰሰች። ጨርቁን ጨመቀችው። ከውስጡ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ወጣ።

ሻምበሉ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገባ። በሁለት የወታደር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ብሩ ሁሉ አለ። ቅጭልጭሉን ለማፈን መካከሉ ላይ አንድ ሸሚዝ ተወትፏል። የጦሩ ሸሚዝ ነው። እጅጌው ላይ የደም ፍንጣቂ አለ። ስም የሚጻፍበት የአንገቱ ውስጥ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል።

"ስሙን አጥፍቶታል" አለ ሻምበሉ። ጥርሱን ነከሰ። "ወታደር መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?"

ቢና ሸሚዙን ተቀብላ የታችኛውን ጠርዝ እጥፋት በጣቷ ዳበሰች። እጇ ቆመ።

"አውቄዋለሁ" አለች።

"ማን ነው?"

"አሁን አልናገርም። ብናገር ለልጇ ብላ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ይፈትኑኝ።"

"በምን?"

"ሻምበል፣ የሰባ ሰው ልብስ ነው የማጥበው። ማንበብ አልችልም፤ ባሪያ ፊደል ከቆጠረ ይገረፍ ነበር። ታዲያ የማንን ለማን እንደምመልስ በምን የማውቅ ይመስልዎታል?"

ዐሥራ አንድ ወታደሮችና አስር አለቃቸው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰለፉ። ሁሉም የዊክ ምድብ ጓዶች ናቸው፤ ገዳዩ ዊክ የሚያውቀው ሰው ነውና። ሸሚዝ አውልቁ ሲባሉ በጥር ብርድ እየተንቀጠቀጡ ሳቁ። ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ሻምበሉ ዐሥራ ሁለቱን ሸሚዞች ቀላቅሎ፣ ስም ያለበትን አንገት በመዳፉ ሸፍኖ፣ አንድ በአንድ ጠርዛቸውን ብቻ ለቢና ሰጣት።

በእያንዳንዱ ሸሚዝ ጠርዝ ውስጥ፣ ካልፈለጉት በቀር የማይታይ የክር ስፌት አለ።

"ሁለት ቀይ። የሃርሎ ነው።"

ሻምበሉ መዳፉን አነሳ። ሃርሎ።

"አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ። ቲብስ።"

ልክ ነው።

"ይሄ ስሙን አላውቀውም። ያ ሲስቅ እንባው የሚመጣው።"

ሰልፉ ሳቀ። አንዱ ወታደር በእርግጥም እንባውን እየጠረገ ሸሚዙን ሊቀበል ወጣ።

"ሁለት ቢጫ፣ በጥቁር የተሻገረ። አስር አለቃ ፔክ።"

ፔክ ባዶ ደረቱን ይዞ እንደ ተዋናይ እጅ ነሳ። ጓዶቹ አጨበጨቡለት።

አምስት። ስድስት። ሰባት። አንድም አልሳተችም። ሳቁ ቀነሰ። ዘጠነኛው ላይ ከባሕሩ በኩል የመርከቡ ፊሽካ ተሰማ። ቢና ስፌቱን እንደገና ዳሰሰችው። ዐሥረኛ። ዐሥራ አንደኛ። ዐሥራ ሁለተኛ።

"ሁሉም ልክ ነው" አለ ሻምበሉ። ጸሐፊው ጻፈ። "አሁን ዐሥራ ሦስተኛው።"

ከጉድጓዱ የወጣውን ሸሚዝ ዘረጋው። ቢና አልነካችውም።

"እርስዎ ራስዎ ያንብቡት" አለችው።

ሻምበሉ ጠርዙን ገለበጠ። ሁለት ቢጫ፣ በጥቁር የተሻገረ። የፔክን ሸሚዝ አነሳና ጎን ለጎን አደረጋቸው።

ፔክ አልሳቀም።

"ሸሚዝ ይሰረቃል" አለ።

"ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሸሚዝ ታድሏል። ሁለተኛህን አምጣ።"

"ተሰርቋል አልኩ እኮ።"

"መቼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የባሪያ ሴትዮ ክር ስለቆጠረች ነው ሰው የምትሰቅሉት?"

ያን ጊዜ አባባ ሊመስ ከሰው መካከል ወጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ረቡዕ ማታ እዚህ ነበርኩ" አሉ። "ልጁ እየሳቀ፣ ትምባሆዬን አመጣህልኝ አስር አለቃ? ነበር ያለው። ሐሙስ መናገር ነበረብኝ። ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ ቢና።"

ፔክ ወደ አጥሩ ሮጠ። አራት እርምጃ እንኳ አልሄደም፤ ያ ሲስቅ የሚያለቅሰው ወታደር ጠልፎ ጣለው። ዊክ የእሱ ጓደኛ ነበር።

አስር አለቃው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲናገር ማንንም አላየም።

"ሃያ ሦስት ልጅ ቀበርኩ" አለ። "አንዱም በጥይት አልሞተም። በተቅማጥ ነው። ከዚህ አገር አንድ ነገር ይዤ ካልሄድኩ የመጣሁት ለምንድነው? ብሩ የማንም አይደለም። ባለቤቱ ሸሽቷል። ዊክን ግማሹ ያንተ ነው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ለሻምበሉ እነግራለሁ አለ። ሲዞር..."

"መቅዘፊያውን ይዘህ ነበር የመጣኸው" አለ ሻምበሉ።

ፔክ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ።

"ከወደቡ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሸክመኸው መጣህ። ማክሰኞ ጠቡን ካዩት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ አንተ ነህ። እሺ ካለህ ትካፈላለህ፤ እንቢ ካለህ ትገድለዋለህ። ሌላ ሰው ይሰቀልልሃል። ከዚያ የገደልከውን ልጅ ራስህ ቀበርከው፤ ጸሎትም አነበብክለት።"

"ብሩን ከወታደሩ መቃብር ብቀብረው ኖሮ አትደርሱበትም ነበር" አለ ፔክ። "ጥቁሮቹ ጋ ማንም አይቆፍርም ብዬ ነው። ሳህንም አደረግኩበት። እንደነሱ አደረግኩት እኮ።"

ቢና ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችው።

"አልሰበርከውም" አለች።

መርከቡ ቀትር ላይ ወደቡን ሲለቅ የያዘው ፔክን ነበር። ከመሄዱ በፊት ጸሐፊው የቢናን ቃል ጻፈ። በዚያ አገር ሕግ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ መመስከር አይችልም። ሻምበሉ ይህን ያውቃል፤ ጠበቃ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ግን ራሱ ይዞላት ቆመ።

"እውነቱን ብቻ ለመናገር ይምላሉ?" አላት።

"እምላለሁ።"

"እዚህ ላይ ምልክት ያድርጉልኝ፣ እማማ ቢና።"

ብዕሩን አልተቀበለችውም። ከጡቷ ሥር ካለው ኪሷ መርፌ አውጥታ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ክር ሰፋችበት። ሻምበሉ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው።

የሬንቲ ሰንሰለት ተፈታ። እናትና ልጅ ወደ ጎጆአቸው በባሕሩ ዳር ሄዱ። ቢና ረቡዕ ተቀብላ ሳታጥበው የከረመውን የልብስ ጥቅል ራሷ ላይ ተሸክማለች። ሬንቲ የእጁን አንጓ እያሸ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሬንቲ ዝም ሲል አስፈሪ ነው።

"እማ።"

"ወዬ።"

"ጠርጥረሽኝ ነበር?"

ቢና ቆመች። ከአንድ ሰዓት በፊት የማለችው ለፍርድ ቤት ነው፤ ለልጅ አይደለም። መዋሸት ትችል ነበር። አንድም ምስክር የለም።

"አዎ" አለች። "ሐሙስ ጠዋት። በሩ ላይ ቆሜ።"

ሬንቲ ባሕሩን ተመለከተ።

"ታዲያ ለምን ተሯሯጥሽ? ብሩ ቢገኝና የኔ ሸሚዝ ቢወጣበትስ?"

"አላውቅም። ገድለህም ቢሆን ልጄ ነህ፤ ሳትገድልም ልጄ ነህ። ስሮጥ ለየትኛው እንደምሮጥ አላውቅም ነበር።" ጥቅሉን በእጇ አስተካከለች። "ብትቀየመኝ አይገርመኝም።"

ሬንቲ ብዙ የሚመልሰው ነገር ነበረው። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የልብሱን ጥቅል ከራሷ ላይ አወረደ፤ የራሱ ራስ ላይ አደረገው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አድርጎት አያውቅም።

"ይከብዳል" አለ።

"አዎ፣ ይከብዳል" አለች ቢና፤ ባዶ እጇን እያወዛወዘች ከጎኑ ሄደች።